«ዳንከ» ስትይ ሳህኑ ለምን ይሄዳል?

«ሰላም እትዬ። 17 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ በ9 ዓመቴ ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ ቤታችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘንድሮ የኮንግረስና የቡንደስታግ የወጣቶች ልውውጥ የሚባለውን ስኮላርሺፕ አግኝቼ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ ነው። ከመጣሁ ሦስት ወር አለፈኝ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን የሚወዱኝ አይመስለኝም። ማታ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ነው። ጨምሪ ይሉኛል፤ በጨዋ ደንብ ‹ዳንከ›፣ አመሰግናለሁ፣ ስል ሳህኑን ወደ ሌላው ያሳልፉታል። ስንት ቀን ርቦኝ ተኝቻለሁ። ሻወር ቤቱ በር ላይ ‹5 ደቂቃ› የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፤ ለኔ እንደሆነ ገብቶኛል። በዚህ ብርድ መስኮት ይከፍቱብኛል። ባለፈው ሳምንት የቤቱ እናት ‹ሁልጊዜ ክፍልሽ ውስጥ ነሽ፤ ከኛ ጋር መኖር አልፈለግሽም ወይ?› ብለው በቀጥታ ጠየቁኝ። አልቅሼ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ጾሙ ገብቷል፣ የነሱ ገና ደርሷል፤ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። እናቴ በየማታው ትደውላለች፤ ‹ከስተሻል፣ እነሱ የያዙሽ ለሚከፈላቸው ብር ነው፣ ነይልኝ› ትለኛለች። ቤተሰብ ልቀይር ወይስ ልመለስ? አያቴ የሰጠችኝን ጀበና እንኳ ከሻንጣ አላወጣሁትም።»

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን እንደ እናት ነው ያነበብኩት፤ ልጅ ርቧት ተኛች የሚለው ላይ ስደርስ ሆዴ ተላወሰ። ሁለተኛውን ግን ጀርመን አገር እንደኖረ ሰው አነበብኩትና፣ ይቅር በይኝ፣ ሳቄ መጣ። በአንቺ አልሳቅሁም። የዛሬ አርባ ዓመት ግድም የደረሰብኝ የራሴ ጉድ ትዝ ብሎኝ ነው።

ላይፕዚግ ለትምህርት የሄድኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ስንማር፣ አንዲት የክፍላችን ረዳት የነበረች ጀርመናዊት አንድ እሑድ ከሰዓት እናቷ ቤት ወሰደችኝ። ቡናና ኬክ አቀረቡ። የፕሪም ኬክ ነው፣ ላዩ ላይ ፍርፍር ያለበት፤ ዛሬም ጣዕሙ አፌ ውስጥ አለ። አንዱን ቁራጭ ጠራረግሁትና እናትየው ቢላዋውን አንስተው «ልጨምርልሽ?» አሉኝ። እኔም ዓይኔን ሰበር አድርጌ «ዳንከ» አልኩ። «ኧረ ባክሽ፣ በሞቴ» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር። ቢላዋው ቁጭ አለ። ኬኩ ወደ ጓዳ ገባ። በትራም ወደ ማደሪያችን ስመለስ ሆዴ ይጮህ ነበር፤ ምድጃ ላይ የቀረ ድንች አግኝቼ በላሁ። ከወራት በኋላ ያቺ ረዳት ምን አለችኝ መሰለሽ? «እናቴ ኬኩን ሳትወደው ቀረች ብላ አዘነችብሽ።»

እዚያ አገር ምግብ ለሚያቀርብልሽ ሰው «ዳንከ» ብቻ ብለሽ ከመለስሽ፣ በተለይ ራስሽን ወይም እጅሽን ትንሽ ካነቃነቅሽ፣ «አይ፣ በቃኝ» ማለት ነው። አንቺ በእንግሊዝኛ «ታንክስ» እያልሽ ሳህን ስትቀበይ ስላደግሽ ቃሉን ቀጥታ ተርጉመሽዋል። መቀበል ስትፈልጊ «ያ፣ ጌርነ» በይ፤ አዎ፣ ደስ ይለኛል ማለት ነው። ወይም «ቢተ» በይ። ሦስት ወር ሙሉ በየማታው «አልፈልግም» እያልሽ ስትነግሪያቸው ነው የቆየሽው፤ እነሱም አምነውሻል።

ይህን ዛሬ ማታ ሞክሪው። ሌላው ምክሬ ሁሉ ቢረሳሽ ይህቺን አትርሺ።

ነገሩ ከቃሉ ያልፋል፤ ሥሩ ይሉኝታ ነው። ሜሪላንድ ስምንት ዓመት ብትኖሪም የቤታችሁ ማዕድ የአዲስ አበባ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። እኛ ዘንድ ግብዣ ሦስት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሲሉሽ «በልቻለሁ» ትያለሽ፣ ሁለተኛ ሲሉሽ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ፣ ሦስተኛው «አፈር ስሆን» ሲመጣ እጅሽን ትታጠቢያለሽ። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን እምቢታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጉርሻ ያለበት አገር ነዋ! ጀርመኖቹ ዘንድ ግን አልፈልግም ያለን ሰው ደጋግሞ መጨቅጨቅ ድፍረት ነው፤ ቃልሽን እንዳላከበሩ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ጠይቀው የሚተዉሽ አክብረውሽ ነው። አንቺ እሱን እንደ ንፍገት ቆጥረሽ ተኛሽ። እነሱ ደግሞ አይብ የማትወድ፣ ቋሊማ የማትወድ፣ ምንም የማትወድ ልጅ መጣችብን ብለው ሳይጨነቁ አልቀሩም።

ስለ ቀዝቃዛው ዳቦ፦ አቤንድብሮት ይባላል፣ ቃሉ ራሱ «የማታ ዳቦ» ነው። ብዙ ቤት ትኩሱ ምግብ የምሳ ነው፤ ማታ ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር ነው። የእንጀራ ልጅ አላደረጉሽም፤ እነሱም የሚበሉት ያንኑ ነው። (እንጀራ በሌለበት አገር የእንጀራ ልጅ መሆንም አይቻልም።) ትኩስ ነገር ካማረሽ «ሾርባ ባሞቅ ትቀየማላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አይቀየሙም።

ወረቀቱን በተመለከተ ምናልባት ልክ ነሽ፣ ለአንቺ ተለጥፎ ይሆናል። ስድብ ግን አይደለም። ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ጦርነት የተነሳ የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ የጀርመን ቤቶች የማሞቂያና የሙቅ ውኃ ሂሳብ ክፉኛ ናረ፤ ከዚያ በኋላ ሻወር በደቂቃ የማይቆጥር ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞ የአነጋገራቸው መንገድ ነው። እኛ ቅሬታ ሲኖረን በአክስት እናስነግራለን፣ በጎረቤት እናስወራለን፣ ወይም ፊታችንን አጥቁረን እንሰነብታለን። እነሱ ጽፈው ይለጥፋሉ፤ የለጠፉት ቀንም ነገሩ አልቆላቸዋል። ሽቫቤን በሚባለው በሽቱትጋርት አካባቢ ከሆንሽ የደረጃ መጥረግ ተራ ለደረሰው ቤት በሩ ላይ ታርጋ የሚሰቅሉ ሰዎች ናቸው፤ ኬርቮኸ ይሉታል። ጠረጋን በታርጋ ያደረገ ሕዝብ ሻወርን በወረቀት ቢያደርግ ምን ይገርማል።

መስኮቱም እንደዚያው። አምስት ስድስት ደቂቃ ወለል አድርገው ከፍተው ይዘጉታል፤ ግድግዳው እርጥበት ይዞ እንዳይሻግት ነው። እኔ ብርድ ይመታኛል ብዬ ነጠላ ተከናንቤ እቀመጥ ነበር። አልመታኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሴትዮዋ የጠየቁሽ ጥያቄ ላይ።

አንቺ «ከኛ ጋር መኖር አልፈለግሽም ወይ?» የሚለውን እንደ ማባረር ሰማሽው። በአማርኛ ቢባል ኖሮ እኔም እንደዚያ እሰማው ነበር፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት የሚነገረው ነገር ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው። እሳቸው ግን እየጠየቁ ነው። መልስ ፈልገው ነው የጠየቁት። እስቲ ነገሩን ከእሳቸው ወንበር ተቀምጠሽ እዪው። እናትሽ ተሳስታለች፤ ሳንቲም አይከፈላቸውም። አንቺ ያለሽበት ልውውጥ በ1983 በአሜሪካ ኮንግረስና በጀርመኑ ፓርላማ በቡንደስታግ የተጀመረ ነው፤ ወጪሽን የሚችሉት ሁለቱ መንግሥታት ናቸው፣ ቤተሰቦቹ ግን በፈቃደኝነት ነው የሚቀበሉት። ክፍል ያዘጋጁልሽ፣ አልጋ ያነጠፉልሽ፣ ለአንድ ዓመት ያህል አንድ ሰው ጨምረው የሚገበዩት ልጅ ፈልገው ነው። የመጣችው ልጅ ደግሞ የሚቀርብላትን ሁሉ «ዳንከ» እያለች ትመልሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትገባ ደረጃውን ወጥታ በሯን ትዘጋለች፣ ሌሊት በማያውቁት ቋንቋ ስታለቅስ ይሰማል። ሦስት ወር ሙሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ ሴትዮዋ ታግሰው ቆይተው ነው የጠየቁት።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ የሴትዮዋን ስም አልጠራሽም፤ «የቤቱ እናት» ብለሽ ነው ያለፍሽው፣ እሱም በ«እሳቸው»። ልገምት? ፊታቸውም ስትሆኚ ስማቸውን አትጠሪም። እናትሽን የሚያህል ሰው በስም መጥራት ከብዶሽ «ይቅርታ…» እያልሽ ነው የምትጀምሪው፣ ወይም ዓይናቸው እስኪያይሽ ድረስ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። እኔም አድርጌዋለሁ። ጀርመንኛ ውስጥ እንደኛው «አንቺ» እና «እርስዎ» አለ፤ «ዱ» እና «ዚ» ይባላሉ። መምህራንሽን «ዚ» በያቸው። ተቀባይ ቤተሰብ ግን በመጀመሪያው ቀን «ዱ በይኝ፣ ስሜን ጥሪኝ» ካለሽ፣ ቤተኛ አድርጎሻል ማለት ነው። «ዚ» እያልሽ ከቀጠልሽ፣ ወይም ይብስ ብሎ ምንም ካላልሽ፣ በሩ ላይ ጫማሽን ሳታወልቂ እንደቆምሽ ነው። ስማቸውን ጥሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ምላስሽን ያቃጥልሻል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ለጥያቄው ደግሞ አሁንም መልስ ስጪ፤ አልዘገየም። ደብዳቤ አትጻፊ፣ በስልክ መልእክትም አታድርጊው። ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያጥቡ ፎጣ ያዢና እያደረቅሽ ተናገሪ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦ «ባለፈው ለጠየቅሽኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ከእናንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። እኛ ቤት ልጅ ሳትጠራ አትቀመጥም፣ ሦስት ጊዜ ሳትለመን አትበላም፤ እናንተ ደግሞ አንዴ ነው የምትጠይቁት። ብዙ ቀን ርቦኝ ነበር።» ጀርመንኛሽ ቢሰባበርም በተሰባበረው ተናገሪው። ርቦኝ ነበር የሚለውን እንዳትዘልዪው ግን። ያ ዓረፍተ ነገር አጥንታቸው ድረስ ይገባል። ሊያለቅሱም ይችላሉ፤ ካለቀሱ አትደንግጪ።

ክፍልሽ ውስጥ ስለመቀመጥሽም፣ ሙሉ ቀን ሳሎን ተቀምጠሽ ሳቂ አላልኩሽም። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቦርሳሽን ወደ ፎቅ ሳታወጪ፣ ወጥ ቤት አሥር ደቂቃ ቁጭ በይ። ቀንሽ እንዴት እንደዋለ ተናገሪ፣ የእነሱን ጠይቂ፤ ከዚያ ውጪና በርሽን ዝጊ። የተዘጋ በር እዚያ ነውር የለውም፤ ሳይበሉ ሳይናገሩ መዝጋቱ ነው የከፋው።

ጾሙን እንይ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የምንጾመው ጾም የነሱን ገና መሃሉ ላይ ያገኘዋል፤ ታኅሣሥ 15 ሲሆን እነሱ ዘንድ ዲሴምበር 24፣ ትልቁ ምሽታቸው ነው። በዚያ ምሽት ብዙ ቤት የሚቀርበው የድንች ሰላጣና ቋሊማ ነው። «ድንቹንስ እበላለሁ» ብለሽ እንዳትጽናኚ፤ ያንቺ አካባቢ ሰዎች ሰላጣውን የሚያርሱት በሥጋ መረቅ ነው፣ ሰሜኖቹ ደግሞ በማዮኔዝ። ጾመኛ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። ስለዚህ በዕለቱ ማዕድ ላይ ተቀምጠሽ እንደገና «ዳንከ» ማለት ከመጀመርሽ በፊት ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የሃይማኖት ትንታኔ ውስጥ አትግቢ። «ቤተ ክርስቲያናችን የገናን ጾም ትጾማለች፤ እስከ ጃንዋሪ 6 ቪጋን ነኝ» በያቸው፤ በዚያች አንድ ቃል ሁሉም ይገባቸዋል፣ የሱፐርማርኬቶቻቸውም መደርደሪያ በሱ የተሞላ ነው። ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ የሽቫቤን ሰው የሚኮራበት ምግብ ምን ይመስልሻል? ምስር! ምስር ወጥ ሽፔትስለ ከሚሉት ፓስታ ጋር፣ ከጎኑ ቋሊማ። ሽፔትስለው እንቁላል አለበት፣ ቋሊማው እንዳለ ነው፤ ግን ምስሩን ሥጋ ሳይነካው በትንሽ ድስት ለይተሽ እንድትሠሪ ጠይቂ። በርበሬ ከያዝሽ ጣል አድርጊበት። እንግዳ ቤት ያለ ልጅ ስለ ጾሙ ምን ያድርግ የሚለውን እኔ አልፈታልሽም፤ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። ብቻ ጾምና መራብ ለየቅል መሆናቸውን እወቂ። እስካሁን ስታደርጊው የቆየሽውን ጾም ብለሽ እንዳትጠሪው።

እናትሽን በተመለከተ የምናገረው ላይጥማት ይችላል፤ ደብዳቤውን ብታነብ ትቀየመኛለች። ሜሪላንድ ከጀርመን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እናትሽ ከሥራ ገብታ፣ ራቷን ሠርታ ስትደውል አንቺ ጋ እኩለ ሌሊት ሆኗል። አንድ ሰዓት ታወሪያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ጠዋት ዓይንሽ አብጦ ቁርስ ሳትበዪ ትወጫለሽ። ሰውነትሽ ጀርመን ሆኖ ሌሊትሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ልውውጥ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ወደ ቤት የሚደወለውን ስልክ ቀንሱ እያሉ የሚወተውቱት ለዚሁ ነው፤ ጭካኔ አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልሽ፤ ሜሪላንድ 7 ሰዓት ቀን ሲሆን አንቺ ጋ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ እራት አብቅቷል፣ ሌሊትም አልሆነም። አንድ እሑድ ደግሞ ስልኩን ይዘሽ ወጥ ቤት ውረጂና ከሴትዮዋ ጋር ዓይን ለዓይን አስተያያቸው። አንቺ መሃል ሆነሽ እያስተረጎምሽ «ልጄን አደራ» ትበላቸው። «አደራ»ን ወደ ጀርመንኛ የምትመልሺው እንዴት እንደሆነ ግን እኔም እስካሁን አላወቅሁም፤ ካገኘሽው ጻፊልኝ።

ቤተሰብ መቀየር ይቻላል፣ በየጊዜው የሚሆን ነው፣ ነውርም የለውም። በአካባቢሽ የተመደበ የድርጅቱ ሰው አለ፤ እንዲህ ላለው ነገር ነው የተቀመጠው። ግን አሁን አትቀይሪ። አዲሱም ቤት አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቅሽ። ይህን ሁሉ ተናግረሽ፣ ገናቸውንም ገናችንንም አብራችሁ አሳልፋችሁ፣ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ልብሽ ካልረጋ ያኔ ጠይቂ፤ ያኔ እኔም አብሬሽ ነኝ። ይህን የምልሽ ግን የጻፍሽልኝ ነገር ይህ ብቻ ከሆነ ነው። ምግብ የሚቆልፍብሽ፣ ፓስፖርትሽን የሚይዝብሽ፣ ስለ ቆዳሽ የሚሰድብሽ ወይም እጁን የሚያሳርፍብሽ ሰው ካለ ግን ምንም ጃንዋሪ አትጠብቂ፤ በዚያኑ ቀን ለድርጅቱ ደውዪ፣ አደጋ ካለ ፖሊስ 110 ነው። ለወጣቶች የተከፈተ፣ በነጻ የሚደወልበትና ስም የማይጠየቅበት መስመርም አለ፣ 116111።

ጀበናውን አውጪው። እስከ ገና ድረስ ሻንጣ ውስጥ አታቆዪው፤ ቡና ጾም የለውም። እሑድ ከሰዓት እነሱ ራሳቸው ቡናና ኬክ የሚሉት ሰዓት አላቸው፤ አንድ እሑድ «ዛሬ ቡናው የኔ ነው» በያቸው። ጥሬ ቡናውን እናትሽ በፖስታ ትላክልሽ፣ በስልክ ከማልቀስ ይሻላታል። ሲኒ ከሌለሽ የኤስፕሬሶ ስኒያቸው ይሠራል። ሦስቱንም ዙር አጠጪያቸው፤ አቦሉን ቀምሰው «ዳንከ» ካሉሽ እሺ ብለሽ አትተዪ፣ ቶናና በረካ እንዳለ ንገሪያቸውና ድገሚላቸው። አንድ ቀን እንኳ በኛ ሕግ ይጨቅጨቁ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ጀርመን አገር መኖሪያ ቤት ሁሉ ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ቡናው ምጣድ ላይ ጠቆር ብሎ ሲጨስ፣ ዕጣን ከጨመርሽበት ደግሞ ይብስ፣ መንደሩን በጩኸት ያናውጠዋል። ከመቁላትሽ በፊት ንገሪያቸው። መስኮቱን እነሱ ይከፍቱልሻል።